የጥላነሽ ለቅሶ

ቪዛው ሲመጣ ያለቀ መስሎን ነበር። እናቴ እልል ብላ ጎረቤት ጠራች፤ እኔ በግ ገዛሁ፤ ኢኔስ ከኤቮራ ደውላ «አሁን ምን ቀረ?» ስትለኝ «ምንም፣ መሳፈር ብቻ» አልኳት። ቪዛው መግቢያ እንጂ መኖሪያ እንዳልሆነ የነገረን ሰው አልነበረም። ቢነግረንም በዚያ ደስታ ላይ የምንሰማው አይመስለኝም።

ኢኔስ ሚስቴ ናት። የተዋወቅነው ፖርቱጋል ውስጥ ከጉድጓድ ቆፋሪዎች ጋር በምሠራበት ጊዜ ነው። እዚያ ሰው ቀን ተኝቶ ማታ ይሠራል፤ ልጆች ፀሐይን በመጋረጃ በኩል እንጂ አያውቁም። እናቷን የገደላት ሙቀት ነው። ማቀዝቀዣው ቆመ፣ ሴትየዋም አልጋዋ ላይ እንዳለች ቀረች። ኢኔስ ስለዚህ ነገር አታወራም፤ ብቻ ፀሐይ ፊቷ ላይ ስታርፍ ቦታ ትቀይራለች። ከእኔ በፊት ሦስት ቀዝቃዛ አገሮች ለመግባት ሞክራ ሦስቱም ከበር መልሰዋታል።

ወደ ቆላችን የፈለገ ባዕድ ይገባል፤ ማንም አይጠይቀውም። ወደ ደጋ ለመውጣት ግን ምክንያት ያስፈልጋል፤ ትዳር ደግሞ ምክንያት ነው። የዓባይን በረሃ አልፈን ደጀን ኬላ ስንደርስ ጠባቂው ቪዛዋን አይቶ «እንኳን ወደ ብርዱ በሰላም መጡ» አላት። ለሁሉም የሚባል ቃል ነው። ኢኔስ ከአውቶቡሱ ወርዳ ነፋሱን ስትቀበል ጥርሷ እየተንገጫገጨ ሳቀች። እዚያ ቆማ እንደዚያ ስትስቅ ሳያት፣ ይህችን ሴት ማንም ከዚህ ብርድ አያወርዳትም ብዬ ለራሴ ማልሁ። መሐላዬን የሰማ የለም።

ቤታችን ደብረ ማርቆስ ነው። የእናቴ የአባቷ ቤት ስም ፌቨን ነው። የድሮ ሰው ስም ነው፤ በእሷ ዘመን የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ ፌቨንና ሶልያና ነበሩ። እኔን ስንሻው ያለችኝ ወቅቱ የሚወደውን አይታ ነው። ልማዷ ግን ከስሟም ያረጀ ነው። ኢኔስ ደጃፉን ከመርገጧ በፊት ሁለት እጇን ይዛ አቆመቻት፣ ከእግር እስከ ራሷ አየቻት፣ ከዚያ ስም አወጣችላት።

«ከሐሩር አገር መጥተሽ ለልጄ ጥላ ሁኝው። ጥላነሽ ብዬሻለሁ።»

በእኛ ወገን ምራት በአባቷ ቤት ስም አትጠራም። ስም የምታወጣላት አማቷ ናት፤ ያ ስም ከወጣላት በኋላ የቤቱ ሰው ናት። የድሮውን ስም ጠርቶ ምራትን ማነጋገር ሻንጣሽን አዘጋጂ እንደማለት ነው። እናቴን የአባቴ እናት አስካል ብላት ነበር፤ በጠቧም በሰላሟም አስካል ነበረች። አንድ ቀን ብቻ፣ በወጥ ማረር ተናድዳ፣ «ፌቨን!» አለቻት። እናቴ ያን ዕለት ነጠላዋን አንስታ ወደ አባቷ ቤት ሄደች፤ ሽማግሌ ተልኮ ነው የተመለሰችው። ይህን ታሪክ እናቴ ለኢኔስ በመጣች በሳምንቱ ነገረቻት፤ እኔ እያስተረጎምሁ። ኢኔስ አፏን ከፍታ ሰማች። ከዚያ ወዲያ ስሟን ለሚጠይቃት ሁሉ ደረቷን መታ አድርጋ «ጥላነሽ» ትላለች። እናቴ ደግሞ የኢኔስን ባዶ ሻንጣ ሳሎን ያለው ቁም ሣጥን ላይ ሰቀለችና «እንግዲህ ይሄ ከዚህ አይወርድም» አለች።

የባዕድ ትዳር ጽሕፈት ቤት ሰዎችም መጡ። ሁለት ናቸው። ጫማቸውን አውልቀው ገቡ፣ የሳሎኑ ግድግዳ ላይ የሻይ ሰሃን የምታክል ነገር ለጠፉ፣ የቀረበላቸውን ዳቦ በሉ፣ አመስግነው ሄዱ። ስሟ ረጅም ነው፤ ሰው ሁሉ «ጆሮ» ይላታል። ዓይን የሚባለው ካሜራ ቤት እንዳይገባ ስንቱ ተሟግቶ ሕግ አስወጥቷል፤ ጆሮ ግን ዝም ብላ ገባች።

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» አለች እናቴ በሩን እየዘጋች።

ጆሮ የምትሰማው «የአብሮ መኖር ምልክቶችን» ነው። ምልክቶቹ ምን እንደሆኑ አይነገርም፤ ከተነገረ ሰው ያስመስላል ተብሎ። መሐሏ ላይ መብራት አላት። አረንጓዴ ከሆነ ደህና ነው። ቢጫ ከሆነ ጥርጣሬ ነው። ቀይ ከሆነ አውራጅ የምትባለው መኪና ትመጣና ባዕዱን ወደ ቆላ ታወርዳለች። አንዴ የወረደ አይወጣም።

የእኛ መብራት መጀመሪያ አረንጓዴ ነበር። በቆሎው እሸት ሲይዝ ቢጫ ሆነ።

ለምን እንደሆነ ግራ ገባን። ኢኔስ ቤቱን ለምዳለች፤ ሽሮ ትሠራለች፤ ከእናቴ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ጋሽ ሚኪያስን ጠየቅሁ። ጋሽ ሚኪያስ የእድራችን ዳኛ ናቸው፤ የእህታቸው ልጅ ግሪካዊት አግብቶ ጆሮን አልፏል፤ ስለዚህ በሰፈሩ እንደ ሊቅ ይቆጠራሉ።

«ባል ሚስቱን ሲያሞግስ ትሰማለች» አሉኝ። «አንተ ደግሞ ከልጅነትህ ጀምሮ አፍህ የታሰረ ነው።»

አሞገስሁ። ያረረ ሽሮ እየበላሁ ወደ ግድግዳው ተጠግቼ «እንዲህ ያለ ወጥ በሕይወቴ ቀምሼ አላውቅም» አልሁ። ኢኔስ ፊቴን አይታ ሳህኑን አነሳችብኝ። መብራቱ ቢጫ ነው።

ጋሽ ሚኪያስ ሐሳባቸውን ቀየሩ። «እውነተኛ ባልና ሚስት ይጣላል እንጂ ይመሰጋገናል እንዴ? ያ ነው ያስጠረጠራችሁ።» የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ ተጣላን። የተስማማነው በጨው ልንጣላ ነበር። ከጨው ተነስተን በአንድ ጊዜ ወደ እውነቱ ደረስን። እኔ ይህን ያህል ከደከምሁ በኋላ ምን አጎደልሽብኝ አልኋት፤ እሷ በራሷ ቋንቋ የማላውቀውን ቃል ሁሉ አወረደችብኝ፤ እናቴ መሐል ገብታ ሁለታችንንም ሰደበችን። እንዲያ ያለ እውነተኛ ጠብ ተሰምቶ አያውቅም። መብራቱ ያው ነው።

እናቴ የገባት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይቺ ጆሮ የምትፈልገው ፍቅር ነው። ስለዚህ ከማለዳ እስከ ማታ ምራቷን ትጠራለች። «ጥላነሽ! ጥላነሽዬ፣ ነይ እስቲ ይሄን ቅመሽ። የኔ ጥላነሽ፣ ጋቢ ልደርብልሽ ወይ?» ጎረቤት ሲመጣ ጆሮው ሥር አስቀምጣ ስለ ጥላነሽ ሙያ ታወራለች። ኢኔስም በተጠራች ቁጥር ከሌላ ክፍል «አቤት!» ትላለች፤ ድምፅዋ ደስ ይላል። ቤታችን እንደዚያን ሰሞን ፍቅር ሞልቶበት አያውቅም። ቢጫው እየጠቆረ ወደ ብርቱካን ሄደ። ኢኔስ መብራቱን እያየች ማታ ማታ መብላት ተወች፤ እኔም ለራሴ የማልሁትን አስታውሼ እንቅልፍ አጣሁ።

መጥሪያው የመጣው ያኔ ነው። ሦስታችንም ሄድን። የተቀበሉን ይድነቃቸው የሚባሉ ሰው ናቸው፤ ጎልማሳ፣ ትሑት፣ ደክሟቸው የነጋ የሚመስሉ። ለእናቴ ከወንበራቸው ተነሡላት። ከዚያ ተቀመጡና ጠየቁ።

«ወይዘሮ ኢኔስ የት ናቸው?»

ኢኔስ ፊት ለፊታቸው ተቀምጣለች። «እኔ ነኝ» አለች።

«እርስዎንስ እያየሁዎት ነው። እቤት ውስጥ የት ናቸው ማለቴ ነው።» እኛን አንድ በአንድ አዩን። «ቤታችሁ ኢኔስ የሚባል ሰው የለም። ከመጡ ጀምሮ አንድ ጊዜ እንኳ አልተጠሩም። ሌላ ሴት ግን አለች። ትጠራለች፣ ትመጣለች፣ ትበላለች፣ ትመሰገናለች። ጥላነሽ ማን ናት?»

እናቴ ሳቀች። «ምራቴ ናታ!»

«ምራትዎ ኢኔስ ናት፣ እናቴ።»

«እሷው ናት እኮ! እኔ ነኝ ስም ያወጣሁላት። አንተ የማን አገር ሰው ነህ?»

አቶ ይድነቃቸው ዓይናቸውን አሹ። «የቢቸና ልጅ ነኝ። ወላጅ እናቴ ለሚስቴ ስም አውጥተውላታል። እኔስ ገብቶኛል፣ እናቴ። የሚወስነው ግን እኔ አይደለሁም።»

«ታዲያ ማነው?»

ወረቀታቸውን ገለጥ ገለጥ አደረጉ። እንደማያውቁት ገባኝ።

ያኔ ሁሉንም መውጫ በር አንኳኳሁ። ጆሮ የኢኔስን ድምፅ ለይታ አታውቅም ወይ አልሁ፤ ድምፅ መለየት ክልክል ነው፣ ለእናንተው መብት ሲባል አሉኝ። ስሟን በሕግ እናስቀይር አልሁ፤ ይቻላል፣ ነገር ግን ቪዛው የወጣው ለኢኔስ ነው፣ ኢኔስ ከሌለች ቪዛውም የለም፣ ጥላነሽ ደግሞ ከኤቮራ እንደገና ማመልከት አለባት አሉኝ። ጥላነሽ ኤቮራን አይታ አታውቅም ልል ፈልጌ፣ ምን እያልሁ እንደሆነ ለራሴም ጠፋኝ።

«ኢኔስን ማስገባቱ ቀላል ነው» አሉ አቶ ይድነቃቸው። «በስሟ ጥሯት። አስቸጋሪው የሌላዋ ነው። ያለ ፈቃድ ደጋ ላይ የምትኖር ሴት አለች፤ መውጣት አለባት። መብራቱ ሰሞኑን ቀይ ይሆናል፤ አውራጇ መኪና ደግሞ ባዶዋን አትመለስም።»

«መጥታ ማንን ትወስዳለች?» አልሁ።

«ጥላነሽ ሲባል አቤት የምትለዋን።»

ኢኔስ አማርኛው ቢፈጥንባትም ይህንን ሰማች። እጄን ያዘች።

እናቴ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋች። ከዚያ «ልጄ» አለች፣ «ሰው ሲሞት ይቺ ጆሯችሁ በምን ታውቃለች?»

አቶ ይድነቃቸው ጠረጴዛውን አዩ። «ለቅሶ ትሰማለች። እድር ሲመጣ፣ ስሙ ሲለቀስ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ሳይጠራ ሲቀር ትሰማለች። ያኔ ትዘጋዋለች።» ቀና ብለው «ይህን የነገርኋችሁ ስለጠየቃችሁኝ ብቻ ነው» አሉ።

ቤት ስንደርስ እናቴ ወደ ውስጥ አላስገባችንም። ጆሮ ወደማትሰማበት ወደ ጓሮ ወሰደችን፣ ከጌሾው ሥር አስቀመጠችን።

«በቃ» አለች፣ «ጥላነሽን እንቀብራለን።»

ኢኔስ እኔን አየችኝ፤ የተረጎምሁላት ስህተት መስሏታል። «እኔ ልሙት?» አለች በአማርኛ።

«አንች አይደለሽም፤ እሷ ናት።»

«እሷ ማን ናት?»

እናቴ ከጌሾው አንድ ቅጠል በጠሰች። ኢኔስ ጉልበቷን አቅፋ ቀስ ብላ፣ ቃል እየፈለገች ተናገረች።

«ኢኔስን ማንም አልፈለገም። ሦስት አገር፣ ከበር ተመለሰች። እዚህ ቤት የገባችው ጥላነሽ ናት። እማማ እጇን ይዛ ያስገባቻት ጥላነሽ ናት። እኔ እሷን እወዳታለሁ።»

እናቴ ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች። «እኔስ? እኔስ የጠላኋት መሰለሽ? ግን መኪናዋ ስትመጣ ምን ላድርግ? ሬሳሽን ከቆላ ከምቀበል ስምሽን ብቀብር አይሻልም ወይ?»

ጋሽ ሚኪያስን ያናገርኋቸው እኔ ነኝ። ይቆጡኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሳቸው ግን ከዘራቸውን ተደግፈው እንደ ዳኛ አሰቡ።

«ሬሳ የለም» አሉ።

«የለም።»

«ውጭ አገር የሞተውን ሁሉ መርዶ ሰምተን ስናለቅስ ሬሳ አይተን ነው እንዴ? የምትለቀስ ሴት አለች፣ የምታለቅስ እናት አለች። እድር ከዚህ በላይ ምን ይጠይቃል?» ከዘራቸውን አነሡና «መቼም በግሪካዊቷ ጊዜ እንዲህ አላስቸገረንም» አሉ።

መርዶው እንደ ወጉ ማለዳ መጣ። ጋሽ ሚኪያስ ሦስት ሽማግሎች አስከትለው በሩን አንኳኩ፤ ሳሎን ገብተው ጆሮው ሥር ቆሙና «አስካል፣ በርቺ እንግዲህ። ጥላነሽ አርፋለች» አሉ። ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ። ማስመሰል ይሁን እውነት እንጃ። እናቴ ጮኸች። ጥሩምባ ተነፋ፣ ድንኳን ተተከለ፣ ሰፈሩ ጎረፈ። ነገሩ የገባው ለሚመጣው ሹክ አለ፤ ያልገባውም አለቀሰ። ለቅሶ ቤት ገብቶ ማን ሞተ ብሎ የሚጠይቅ ባለጌ በእኛ ሰፈር የለም።

ኢኔስ ጥቁር ሻሽ አስራ ለለቀስተኛው ንፍሮ ታዞራለች። እኔ ድንኳኑ ውስጥ በባልነቴ ጋቢ ተከናንቤ ተቀምጫለሁ፤ ሰው እየመጣ «እግዚአብሔር ያጽናህ» ይለኛል፤ ሚስቴ ደግሞ በሰፌድ ንፍሮ ይዛ ፊቴ ትቆማለች። መሳቅ ይሁን ማልቀስ የሚገባኝ አላውቅም ነበር። ከታችኛው ሰፈር የመጡ አንዲት አሮጊት የኢኔስን እጅ ያዙ።

«ሟቿን ታውቂያት ነበር ልጄ?»

«ትንሽ» አለች ኢኔስ።

«ምን ሆና ነው?»

ኢኔስ አሰበች። «ቪዛ» አለች።

አሮጊቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሱማ ስንቱን ፈጀ» አሉና ንፍሯቸውን ዘገኑ።

ቀትር ላይ ሳሎን ገባሁ። መብራቱ አሁንም ብርቱካን ነው። እናቴ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ደረቷን ትመታለች፤ ጠዋት የጀመረችው ጩኸት ድምፅ ለማሰማት ነበር፤ እኔ እናቴን አውቃታለሁ፣ ስታስመስል አንገቷ ይገተራል። አሁን አንገቷ ተሰብሯል። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም። ሴቶቹ ሁሉ ዝም ብለው ሙሾዋን ያዳምጣሉ።

«ጥላነሽ ብዬሽ ነበር ጥላ እንድትሆኚኝ፣
በቀትር ፀሐይ ላይ ለማን ነው የተውሽኝ።»

ኢኔስ ሰፌዷን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ነበር። ግጥሙ ሁሉ የገባት አይመስለኝም፤ ስሟ ግን ገባት። ሰፌዷን መሬት አስቀምጣ ሮጠች፣ እናቴ ጭን ላይ ወደቀች፣ አለቀሰች። እናቴ ራሷን ደባበሰች፣ ልታባብላት አፏን ከፈተች፣ የለመደችው ስም ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ሲቆም ሁላችንም አየን። ጋሽ ሚኪያስ ከበሩ በኩል አንገታቸውን ነቀነቁላት። ዋጠችው።

«ተይ» አለች። «ተይ፣ አታልቅሽ... ኢኔስ።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ።

አንዷ ሴት ልትል የነበረውን እልልታ በእጇ አፈነችው። ጋሽ ሚኪያስ ተመስገን አሉ። ሳናስበው ሁላችንም ወደ ጆሮው ዞረን ነበር። ወደ ኢኔስ ስመለስ ማልቀሷን አቁማለች። ከእናቴ ጭን ቀና ብላ ተቀምጣ፣ ነጠላዋን እየሰበሰበች፣ ቁም ሣጥኑ ላይ ያለውን ሻንጣዋን ታይ ነበር።